ከጫማው መሃል የተቀመጠው ካሜራ

መርሳ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ የኔ አካል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካህ ደረትህን የሚይዝህ ነገር ዘንድሮ ተወህ ወይስ አሁንም ያስልሃል? በሰዓቱ ትበላለህ? አከራይህ ሴትዮ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መርሳ ያለችው እናቴ ሰላም ብላዎታለች በልልኝ፤ አንተን የሚያይልኝ ሰው ሁሉ ዘመዴ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በሁሉም ምስጋና ይገባው፣ አለሁ። እህትህ ነሲባ ከውርጌሳ መጥታ እኔው ጋ ናት፤ ልጇ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ያለባት ቆንጆ ናት። ማንጎውም አበባ ማውጣት ጀምሯል፣ አላህ ከነፋስ ይጠብቀው እንጂ ዘንድሮ ጥሩ ይመስላል።

ምነው ሳትደውል ጻፈች ትል ይሆናል። ስልኩ ከሐምሌ ወዲህ አንድ ቀን መጥቶ አስር ቀን ይጠፋል። ደግሞ ቢመጣስ? ስልክ ፊት የለው። የሚሰማህ ሰው ቆሞ ይስማ ተቀምጦ ይስማ፣ ብቻውን ይሁን ከሰው ጋር፣ በምን ታውቀዋለህ? ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመች እጅ ናትና ፊደሉ ቢጣመም አትሳቅብኝ። ነሲባ እኔ ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ይሄንን በሰው እጅ አልጽፈውም።

የሚያመጣልህ አጎትህ አብዱልሐሊም ነው። ይኸኔ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይሆናል። እሱን አሁን ምንም አትጠይቀው። አደራ ብዬዋለሁ፣ አንብቦ ሳይጨርስ አንድ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ ብዬ አስምዬዋለሁ። ወሬ ከአፉ ቀድሞ የሚያመልጠው ሰው መሆኑን ታውቃለህ፣ ዛሬ ግን ዝም ይላል። አንተም እኔን ስማኝ፤ ላውጋህ።

የማወጋህ ስለዚያ ስለ ጃፓኑ ፊልም ሠሪ ነው። ሃያሚዙ ነበር ያልከኝ? ስሙ ምላሴ ላይ አልተመቸኝም፤ ጃፓኑ እያልኩ ልቀጥል። እሱን ያወቅሁት በነሲባ ሰርግ ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ። ከኮሌጅ የተዋስከውን ካሜራ ይዘህ ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀህ። እንደ ሌላው ሰርግ ቀራጭ ወንበር ላይ ወጥተህ ከላይ ከላይ ታነሳናለህ ብለን ሴቶቹ ሁሉ ሻሻችንን አስተካክለናል። አንተ እቴ! ካሜራውን ወስደህ በሩ አጠገብ መሬት ላይ፣ ከሰዉ ጫማ መሃል ቁጭ አደረግኸው። ይታገሱ እንዲያውም «ልጁ ሰውን ትቶ እግር ሊቀርጽ ነው የመጣው፤ እግሬን ልታጠብለት እንዴ?» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ ሞላው። ይታገሱ መቼም፣ ያ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን፣ ሰርግ ላይ ሳያስቀን አይውልም።

በማግስቱ ድስት ሳጥብ አጠገቤ ተንበርክከህ፣ እያለቀለቅህልኝ፣ የነገርከኝን አልረሳሁትም። እማ፣ ይሄ ጃፓናዊ ካሜራውን እንደቆመ ሰው አያስቀምጠውም፣ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው አልከኝ። ካስቀመጠው ደግሞ አያነቃንቀውም፣ ሰዎቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ እሱ እዚያው ነው አልከኝ። ሰው ካወራ በኋላ ሰው የሌለበትን ነገር ያሳያል፤ ባዶ ኮሪደር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከጣራ የሚወርድ ጠብታ። ትልቁን ነገር ያልፈዋል፤ ሰርጉን አያሳይም፣ ለቅሶውን አያሳይም፣ በማግስቱ ቤቱ ምን እንደሚመስል ነው የሚያሳየው። ታዲያ ሰው ምን ብሎ ያየዋል ብልህ ሳቅህ። የገዛ አገሩ ሰዎችም እንደዚያው ብለውት ነበር፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ያለውን ነገር ምን ብለህ ታሳየናለህ ሲሉት፣ እሱን ማየት ለምደው እንዲመለሱ ነው አላቸው አልከኝ። ከሞተ በኋላ ነው አሉ ዓለም ሁሉ የተሻማው። እኔ ድስቴን እያጠብኩ እህ እህ እልህ ነበር እንጂ ልቤ አልነበረም። ይቅር በለኝ። ልጅ የሚወደውን ነገር ሲናገር እናት ድስቱን ማስቀመጥ ነበረባት።

ያ ካሜራ እንግዲህ ሰርጉ አልቆ ሰዉ ከተበተነ በኋላም በሩ ጋ ቀርቷል። አንተ ዕቃ ልትመልስ ወጥተሃል። አባትህ ነሲባን ሸኝቶ ገባ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ለውዱእ የምታቀርብለት ሰማያዊው ጆግ እግሩ ሥር ነበር። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በእያንዳንዱ ሶላት ያንን ጆግ ሞልታ የምታቀርብለት እሷ ነበረች። አንስቶ አየው፣ ባዶ ነው። ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ አላየሁም። ያየው ካሜራው ነው።

አንተ ያንን ሠርተህ፣ ቆራርጠህ፣ አስተካክለህ፣ ሰኔ ላይ ወልዲያ አዳራሽ ውስጥ አሳየኸው። አባትህን ጠራኸው፤ ይታገሱን ይዞ ሄደ፣ አዲሱን ሽርጥ አገልድሞ ኮቱን ደርቦ። ስንት ደስታ ነበረው መሰለህ! ልጄ ለመቶ ሰው ሊያሳይ ነው ብሎ ለመኪናው ሰው ሁሉ ሲያወራ ነው የደረሰው፣ ይታገሱ ነው የነገረኝ። ከዚያ መብራቱ ጠፋና የገዛ ራሱን አየ፤ ጆግ ታቅፎ ሲያለቅስ። ሲመለሱ እስከ ሲሪንቃ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲሪንቃ ላይ «ይታገሱ፣ ስንት ሰው ነበር?» አለው አሉ። ይታገሱም ሊያጽናናው፣ ብዙም አልነበረም፣ ወንበሩ ነው የበዛው አለው።

አባትህን ሰው እንዴት እንደሚያየው አንተ ከተማ ከርመህ ሳትረሳው አልቀረህም። የውሃ አባት ነው። የላይኛው ቦይ ሰውና የታችኛው ቦይ ሰው በአንዲት ክንድ ውሃ ሲጋደሉ፣ ድንጋዩን አንስቶ ይበቃል ያንተ ተራ አለፈ ሲል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዶማውን የሚሸከመው ፊቱን አይቶ ነው። ያ ፊት ነው የተጎዳው። ሳምንት ሳይሞላ ከታችኛው ቦይ አንድ ሰው ተራው ሲቆረጥበት ጊዜ ምን አለው መሰለህ? «አያ ሲራጅ፣ ውሃ አንሶናል፣ እስቲ ትንሽ አልቅሱልን» አለው። ሰዉ ሳቀ። አባትህ ድንጋዩን ቦታው ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት መጣ።

አንተ በነጋታው መጣህ። እሱ ያለህን አልረሳኸውም፣ እኔም አልረሳሁትም። ከጫማ መሃል እንደ ሌባ ተደብቀህ ቀረጽከኝ፤ ካልጠራሁህ ደጄን አትርገጥ አለ። አንተም ያው የሱ ልጅ አይደለህ፣ እሺ፣ ካልጠሩኝ አልመጣም ብለህ ቦርሳህን አነሳህ። በመሃል እኔ ቆሜ አንዴ እሱን አንዴ አንተን አያለሁ። አንዳችሁ እንኳ ወደ እኔ አላያችሁም።

ከዚያ ወዲህ ስትደውል እሱ ይወጣል። የወጣ መስሎህ ነው። ከበሩ ውጪ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ይሰማል። ስጨርስ ገብቶ ስለ በጉ ስለ ጤፉ ያወራኛል፣ አንተን ስምህን አይጠራም። አንድ ቀን ግን፣ ያስለዋል አይደል፣ አለኝ። ማነው የሚያስለው ብዬ ብጠይቀው፣ ጎረምሳው አለኝ። ማር ብትልኪለት ምን አለበት ብሎ ወጣ። ያ ባለፈው ዓመት የላክሁልህ ማር የሱ ነው። ከእኔ ነው ብዬህ ነበር። ዋሽቻለሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ከነሐሴ ጀምሮ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ወልዲያ ታይቶ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ መንገዱ ተዘጋ። አብሽሪ፣ ይሻለኛል እያለ መደቡ ላይ ተኛ። ነሲባም ልታስታምመው መጣች። እኔ መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ የክረምት ልብሳችንን አውጥቼ ሳሰጣ፣ አንተ ትተኸው የሄድከው ጃኬት ኪስ ውስጥ ፍላሽ አገኘሁ። ነሲባ መብራት በነበረ ቀን፣ ከዙህር በኋላ፣ ሪሲቨሩ ላይ ሰካችው።

አባትህ ያንተ ሥራ መስሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኋላ የሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ይሄ ምን ቋንቋ ነው? ብሎ ዞረ። ጃፓን ነው አለችው። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፣ ለሦስታችንም ያው ነው። ዝም ብለን ማየት ሆነ።

አንድ ሽማግሌ ነው፣ ጃንጥላ ጠጋኝ። ዝናብ የማይለቀው አገር ነው። ሚስቱ የሞተችበት ይመስለኛል፣ ፎቶዋ ተሰቅሏል። ልጁ ከከተማ ይመጣል፣ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። አይጨቃጨቁም፣ አይተቃቀፉም። የሚያወሩት ስለ ዝናቡ ይመስላል። ልጁ ሊናገር የፈለገው ነገር አለው፤ አንገቱ ያስታውቃል። አባትየውም የሚጠብቀው ነገር አለው። ሳይነጋገሩ ልጁ ባቡሩ ደረሰበትና ሄደ። እኔ እንግዲህ ትዕግሥት የለኝ፣ ተናገረው እንጂ አንተ ልጅ፣ እያልኩ ቴሌቪዥኑን ስቆጣ ነሲባ ሳቀችብኝ። አባትህ ግን ትራሱን ደግፎ ቀና ብሏል። «ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት» አለ። አዎ፣ እኔም አይቻለሁ፤ በሩ ላይ ደርድረው ነው የሚገቡት፣ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ለታላቅ ጎንበስ ይላሉ፣ ሲሰጡ በሁለት እጅ ነው። አባትህ ጥቂት ቆይቶ «ይሄ ሰውዬ ወሎዬ ነው» አለን። ነሲባ፣ ጃፓን እኮ ነው አባባ ብትለው፣ «እናቱ ታውቃለች» አላት። ከነሐሴ ወዲህ ሲቀልድ ያን ቀን ሰማሁት።

ወደ ፊልሙ መጨረሻ ድስቱ ላይ ውሃ ልጨምር ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሽማግሌው የለም። ባዶ ደጅ ነው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶ ተቀምጧል፣ ሌላ ምንም የለም። የት ሄደ? ብዬ አባትህን ጠየቅሁት። አላየሽም እንዴ፣ አለኝ። ዝናቡ አባርቷል፣ ጃንጥላው ግን እንደተዘረጋ ነው፤ የሚያጥፈው ሰው የለም ማለት ነው አለኝ። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ።

 ከዚያ አባትህ ነሲባን ጠየቃት። ይሄ ሰውዬ ካሜራውን የት ነው የሚያስቀምጠው? አላት። መሬት ላይ ነው፣ ወንድሜ እንዳስቀመጠው፣ ከእሱ ነው የተማረው አለችው። በሩን አየ። ጫማዎቹን አየ። እጁን ዘርግቶ «እዚያ የሚቀመጠው ማነው?» አለኝ። ያው ታውቃለህ፣ በኛ ቤት ሽማግሌው መደቡ ላይ ነው፣ ሌላው እንደ ዕድሜው ዝቅ ዝቅ እያለ ነው፣ ከጫማው አጠገብ የሚቀመጠው ትንሹ ነው፤ ታላላቆቹን አክብሮ፣ ውሃ አምጣ ሲባል ቶሎ ሊነሳ። ትንሹ ነዋ፣ ልጅ ነዋ አልኩት። «ታዲያ ልጁ አልተደበቀም ነበር» አለ። «ቦታው ላይ ነበር የተቀመጠው።»

ከዚያ ደግሞ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ ቆሞ የሚያይ ዳኛ ነው፣ ቁጭ ብሎ የሚያይ ዘመድ ነው አለ። እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜ ነው ውሃ የማካፍለው አለ።  ፎጣውን ወደ ትከሻው መለስኩለት።

ደውልለት አልኩት። ስልኩ የለም። በሚቀጥለው ቀንም የለም። ይታገሱ ሐራ ድረስ ሄዶ ሞከረልን፣ እዚያም ጠፍቷል። እኔ እንኳ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እነግርልሃለሁ ብዬ ብነግረው ተቆጣኝ። ያባረርኩት እኔ፣ የምጠራው እኔ፤ አንቺ መሃል አትግቢ አለኝ። ጥቅምት 3 ቀን ትንሽ ቀለል አለው። ታጠበ፣ ያንን ወልዲያ የለበሰውን ሽርጥ አገለደመ። ነሲባን ጠርቶ ስልክሽን አምጪ፣ እዚያ ጫማው መሃል አስቀምጪው፣ በልጁ ቦታ አላት። በድንጋይ አስደግፋ አስቀመጠችለት። የቀረጸችውን ሚሞሪው ላይ አድርጋ ሰጥታኛለች፤ ፖስታው ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ፣ ስትከፍት እንዳይወድቅብህ። ምን እንዳለ አልነግርህም፣ ራሱ ይንገርህ።

ሌላ የምነግርህ ጥቂት ነው። ጥቅምት 9 ቀን ጠዋት የይታገሱ የውሃ ተራ ነበር። ቲማቲሙ ተጠምቶ ቅጠሉ ተኝቷል፣ ያን ቀን ካልጠጣ የማይተርፍ ነው። ይታገሱ ቦዩን አልከፈተም። ከላይ ያለውም አልከፈተም፣ ከታች ያለውም አልከፈተም። አንድም ሰው ድንጋይ አላነሳ። ውሃው ማንም ሳይነካው፣ ሙሉውን፣ በዋናው ቦይ እስከ ወንዙ ወረደ። እኔ ቤት ሆኜ ሰማሁት። በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬ ያንን ያህል ውሃ ባንድ ላይ ሲያልፍ ሰምቼ አላውቅም። ይታገሱ ዶማውን ይዞ ግን ወጥቶ ነበር። ለቦይ አልነበረም። ቁና ቁና እየተነፈሰ ሲቆፍር፣ እስላሞቹ አንተ እረፍ፣ ይበቃሃል ቢሉት፣ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ማነው ብሎ ዶማውን አልሰጥም አለ አሉ። ያ ከታችኛው ቦይ ያለው፣ አልቅሱልን ያለው ሰውዬም መጣ። ጫማውን አውልቆ መግባት አቃተው። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማንም አልሳቀበትም።

ነሲባ የአባትህን ጫማ ላንሳው ብላኝ ነበር፣ ያንን ጥቁሩን ላስቲክ ጫማ። ተይው አልኳት። በሩ ጋ እንደነበረ ነው። ጆጉንም እየሞላሁ አስቀምጠዋለሁ፤ ለማን እንደምሞላው አላውቅም፣ እጄ ይሞላዋል። ገበያ አልወጣም። ኩሉንም ሂናውንም ትቼዋለሁ። እስከ የካቲት አጋማሽ፣ የሐዘኔ አራት ወር ከአስር ቀን እስኪሞላ፣ ከዚህ ደጃፍ አልወጣምና ወደ አንተ መምጣት አልችልም። ባይሆን ኖሮ አብዱልሐሊምን አልክም ነበር፣ ራሴ እመጣ ነበር፣ ይሄንን ሁሉ ፊት ለፊት እነግርህ ነበር። ወላሂ በእግሬም ቢሆን።

እስካሁን ስላቆየሁብህም አውፍ በለኝ። ስልክ አንድ ሁለት ቀን መጥቶ ነበር። ሁለቴ ደውለህ ሁለቴም አላነሳሁትም። ድምፄን ብትሰማ ታውቅ ነበር። ብቻህን ሆነህ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነህ፣ እንጀራህን ልትቆርስ ስትል እንዲደርስህ አልፈለግሁም።

ልጄ፣ አሁን ቀና በል። አብዱልሐሊምን እየው። ብቻውን አልመጣም አይደል? በዚህ ማለዳ አብረውት የመጡትን ሽማግሌዎችም እያቸው። ቆመው ከሆነ ቁጭ በሉ በላቸው። አንተም ከመሃላቸው ተቀመጥ። ሆድህን አታምቀው፤ አባትህም ማልቀስ ያውቃል፣ አንተ ነህ ለሰው ያሳየኸው፣ መልካም አደረግህ። አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ፤ ከዓመት በላይ እኔን አላስጠጋኝም፣ አልጠራኝም ብለህ እንዳትቆጥረው። ካልጠራሁህ አትምጣ ያለህ ሰው ጠርቶሃል። በገዛ አንደበቱ። ሚሞሪው ላይ አለልህ።

አላህ ሶብሩን ይስጥህ። መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ይጠብቅህ፣ ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከፀፀት ይሰውርህ። የእናት ዱዓ በር አያጣምና ከዚህ መደብ ሥር ቁጭ ብዬ ዱዓ ማድረጌን አልተውም። ይታገሱም ሰላም ብሎሃል፤ ሲመጣ እግሬን ይቅረጸው፣ አሁን ታጥቤያለሁ በይልኝ ብሏል፤ ይሄን ብሎ ወጥቶ ደጅ ሲያለቅስ አየሁት።

ደጁን ክፍት አድርጌ የምጠብቅህ
እናትህ

ሌላ የረሳሁት፤ የቀረጸችውን ስታይ ከመጀመሪያው ጀምረህ እይ። አልነግርህም ብዬ ነበር፣ አላስቻለኝም፤ ብዙ አያወራም። መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል፣ ፎጣውን ያስተካክላል፣ አንዴ ይስቃል። ከዚያ «ና» ይልሃል። እሷኑ ብቻ ነው የሚለው። ተነስቶ ጫማውን ካንተ አጠገብ ያጠልቅና ውሃውን ሊያይ ይወጣል። ነሲባ ልጇ አልቅሶባት ስልኩን ረስታው ስለነበር ከዚያ በኋላ ረጅም ነው፤ መደቡ ብቻ ነው የሚታየው፣ ዶሮ ትገባለች ትወጣለች፣ ከሩቅ የቦዩ ድምፅ ይሰማል። ባዶ ነው ብለህ እንዳትዘጋው።